የጋሽ ታደሰ ርግቦችና የኋላ ቤቷ ተከራይ

ሰው ገላውን ሲያሳክከው መጀመሪያ የሚያየው ቆዳውን አይደለም፤ ጎረቤቱን ነው። እኛ የጅማ ሰዎች ደግሞ በዚህ ጥበብ ተመርቀናል። ዝናብ ሲበዛ ጥፋቱ የሌላ ነው፣ ቡና ሲረክስ የሌላ ነው፤ ሆዳችን ሲነፋ እንኳ ያበላንን ሰው እንጂ የበላነውን አንጠረጥርም። ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ የእናንተም ሰፈር ከዚህ የተሻለ አይመስለኝም።

ጅሬን ሰፈር ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ። ዕድሜያቸውን በኃላፊነት ወንበር ላይ ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ዛሬም ሰላም ሲሏችሁ ማመልከቻችሁን ውድቅ ያደረጉባችሁ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ኮርኒሳቸው ውስጥ ርግቦች ሰፍረዋል። "ርግብ የገባበት ቤት በረከት አያጣም" ይላሉ፤ በረከቱ ነጭ ሆኖ በግድግዳው ሲወርድ ግን የሚያጥቡት ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ናቸው።

ከግቢው ኋላ ባለችው ክፍል ሰዓዳ የምትባል ልብስ ሰፊ ተከራይታ ነበር። ባሏ ሥራ ፍለጋ ርቆ ስለሄደ፣ ከሸቤ ከተማ ጨቅላ ልጇን አዝላ መጥታ ሰልባጅ እየፈታች እንደ አዲስ ትሰፋለች።

ባለፈው ክረምት እትዬ አልማዝን ያሳክካቸው ጀመር። አንገታቸውና ክንዳቸው ቀይ በቀይ ሆነ። ጋሽ ታደሰም ተከተሉ። ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸው ቅባት አለቀ፤ ማሳከኩ አላለቀም። ጎረቤት ተሰበሰብን።

"ሰልባጁ ነው" አሉ ጋሽ ታደሰ።

ማስረጃ የጠየቀ የለም። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ተማሪዎቼን "ምክንያትህን አስረዳ" ስል ውዬ፣ ምክንያት ያልቀረበበት ፍርድ ላይ ራሴን ነቀነቅሁ።

ሰዓዳ በሁለት ቀን ውስጥ ልቀቂ ተባለች። "ወላሂ፣ እኔንም ልጄንም አንድ ቀን አሳክኮን አያውቅም" አለች። ይባስ ጠረጠርናት፤ ተባዩ ባለቤቱን ያውቃል አልን። የስፌት መኪናዋን እስከ በር የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። ርኅራኄ እንዳይመስላችሁ፤ ቶሎ እንድትሄድ ነው። እያየችኝ እጄን በሳሙና ታጠብኩ።

ሄደች፤ ማሳከኩ ግን ባሰ። አንድ ቀን የጋሽ ታደሰን ላም ልታክም የመጣች ወጣት የእንስሳት ሐኪም፣ እትዬ አልማዝ ክንዳቸውን ሲያኩ አየችና ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

"እማማ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ምን አለ?"

መሰላል አስመጥታ ወጣች። ከርግቦቹ ጎጆ ጥቂት ጭራሮ ይዛ ወርዳ በነጭ ወረቀት ላይ ስታራግፈው፣ ነቁጥ የሚያካክሉ ነገሮች ወረቀቱ ላይ መራመድ ያዙ።

"የርግብ ደም የሚመጥ ተባይ ነው" አለች። "ርግቡ ሲያጥረው ሰው ላይ ይወርዳል። ኩሱም ሲደርቅ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ በውሃ አርጥባችሁ ዛሬውኑ አንሱት፤ ቀዳዳውንም ድፈኑ።"

ጋሽ ታደሰ ፊታቸው ጠቆረ። "ጫጩቶች አሉ እኮ። ጫጩት የያዘ ፍጥረት ከቤቱ አይባረርም፤ ነውር ነው።"

ክንፋቸው እስኪጠና ሁለት ሳምንት ተሰጣቸው። ባልና ሚስቱ ሁለቱን ሳምንት እያከኩ ጠበቁ። ርግቦቹ በረሩ፣ ጎጆው ተነሣ፣ ማሳከኩም ቆመ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ታደሰ "ልጅቷን ሄደን እንያት" አሉኝ። ሰዓዳን ገበያው አጠገብ፣ ሁለት ሰው እንኳ በቅጡ የማይቆምባት ክፍል ውስጥ አገኘናት። ልጇ ጨርቅ ክምር ላይ ተኝቷል። ወሬው ቀድሟት ስለነበር ደንበኞቿ ሸሽተዋታል። ያላትን አንድ ወንበር ለጋሽ ታደሰ ለቀቀች።

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ችግሩ ከርግቦቹ መሆኑ ተረጋግጧል። ክፍሉም ክፍት ነው" አሉ፤ ደብዳቤ የሚያነቡ ይመስል። ይቅርታ የሚለው ቃል ደብዳቤው ውስጥ አልነበረም።

"ሀዬ፣ ኸይር ነው ጋሼ፤ ለበጎ ነው" አለች። "ርግቦቹንስ አስወጧቸው?"

"አስወጣናቸው። ጫጩት ስለነበራቸው ግን ሁለት ሳምንት ታገስናቸው።"

ሰዓዳ የያዘችውን ክር በጥርሷ በጠሰች።

"ደግ አደረጉ" አለች። "በክረምት ልጅ ይዞ መንከራተት ከባድ ነው።"

ጋሽ ታደሰ አንድ ነገር እንድልላቸው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጣሪያውን ማየት ያዝኩ።