ስለ ዳሌዬ ዘነቡን ጠይቋት

የራሱን ሕመም አሳምሮ የሚናገር ሰው ካያችሁ፣ ያ ሰው ጎረቤት የለውም ማለት ነው! ይህን ያልኩ ቀን ነው የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ የሆስፒታሉን ንገሪና!» እያሉ ይነዘንዙኝ የጀመሩት። ለእነሱ ካወራሁ አይቀር ለእናንተም ይድረሳችሁ...

አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ዘነቡ ወገቧን ይዛ መጣች።

«አስካል፣ ዳሌዬ ሊገድለኝ ነው። ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ አድርሽኝ።»

የእኔም ዳሌ ደህና አልነበረም፤ ዝም ብዬው ነው እንጂ። ቤተ ክርስቲያኗ ከዳገቱ አናት፣ እኔ ከዳገቱ ሥር! የማርያምን ንግሥ እንኳ ደጄ ቆሜ የካህናቱን ጃንጥላ ከሩቅ አይቼ ነበር የቀረሁት። ቢሆንም ለራሴ ብዬ ሆስፒታል አልሄድም። ለሰው ሲሆን ግን እንዴት እምቢ ይባላል?

ጎረቤላ ከተማ ላይ ሚኒባስ ያዝን። እኔን ረዳቱ ከኋላ እየገፋ፣ ዘነቡ ከላይ እየጎተተች... የስንዴ ጆንያ እንኳ ከዚያ በተሻለ ክብር ነው የሚጫነው!

ሆስፒታል ስንደርስ ዘነቡ «እሷም ታማለች» ብላ አስመዘገበችኝ። ሁለታችንም ራጅ ተነሣን። ከዚያ አንዲት ደርባባ ነርስ ወረቀት ይዛ መጣች።

«እማማ፣ ስለ ዳሌ ሕመም ሦስት ዓይነት መጠይቅ አለን። እያነበብኩልዎ ይመልሳሉ፤ በመጨረሻ የትኛው እንደተመቸዎት ይነግሩኛል። ሐኪሙም መልስዎንና ራጁን አይቶ ነው ቀዶ ጥገና ያስፈልግዎ እንደሆነ የሚወስነው።»

ለካ ዳገቱን የመውጣቴ ነገር በዚች ወረቀት ላይ ኖሯል!

«ሰሞኑን ሕመሙ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን!»

«እንቅልፍ ይነሳዎታል?»

«ተመስገን ነው ልጄ። እናትሽስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው... መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሲገቡስ ያስቸግርዎታል?»

«ገንዳ ውስጥ ምን ልሠራ? በቅሎ ነኝ?»

ሁለተኛው መጠይቅ በሥዕል ነው፤ ከሚስቀው ፊት እስከሚያለቅሰው ተደርድሯል። የሚስቀውን አሳየኋት። በማያውቁት ሰው ፊት ይለቀሳል እንዴ? ሦስተኛው ደግሞ በቁጥር ነው፤ ዜሮ ጤና፣ አሥር የማይቻል ሕመም።

«አሥሩን እኔ ከወሰድኩት ለባሰበት ሰው ምን ሊተርፈው ነው? ሁለት በይው ልጄ።»

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ! ደህና ነሽ ወይ ላላችሁ ሰው «ዳሌዬን...» ብላችሁ ትጀምራላችሁ? በእኛ ዘንድ መጀመሪያ ምስጋና ነው፣ ሕመሙ ኋላ ይደርሳል። እኔ ምስጋናውን ሳልጨርስ ነርሷ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታልፋለች!

ደማምራ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። «እማማ፣ በዚህ አያያዝማ ከእኔ በላይ ጤነኛ ነዎት።»

በቃ፣ ዳገቱ ቀረ ስል ዘነቡ ካግዳሚው ወንበር ተስፈንጥራ ተነሣች።

«ውሸቷን ነው! ስለሷ እኔን ጠይቂኝ! ቁልቁለቱን በቂጧ እየተንሸራተተች ነው የምትወርደው። ሰው ብቅ ሲል ደግሞ ቅጠል የምትለቅም ትመስላለች! ጫማዋን የምታጠልቀው በከዘራ እየጎተተች ነው። ስታቃስት ካጥር ማዶ ይሰማኛል!»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! የቅጠሉን ነገር ማንም አላየኝም ብዬ ነበር እኮ።

«አንቺስ?» አልኩና እኔም ተነሣሁባት። «ልጄ፣ እሷ ትብሳለች! አካሄዷ ጎማው እንደወለቀ ጋሪ ነው። ስትቀመጥ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ትላለች! አሥሩን ለእሷ ስጫት!»

ነርሷ ሳቋን መያዝ አቅቷት በወረቀቱ ተሸፈነች። «እሺ... ታዲያ ከሦስቱ የትኛው ተመቻችሁ?»

«ጎረቤት የሚመልሰው!» አልናት እኩል። እሷም ከሥር ጻፈችው።

ሐኪሙ ራጄን አይቶ ራሱን ነቀነቀና ለቀዶ ጥገና ተራ አስያዘኝ። ለዘነቡ ግን ቅባት ብቻ ሰጣት። እንዴት እንደተናደድኩላት! «ከእኔ የባሰባት እሷ ናት!» ብዬ ሐኪሙን በር ድረስ ተከራከርኩት። ዘነቡ ናት ክንዴን ይዛ ያስወጣችኝ።

ዳሌዬ ተቀየረልኝ። የማርያም ለት ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ፤ ጃንጥላውንም ከሥሩ ሆኜ አየሁት።

ከዓመታት በኋላ በልጅ ልጄ ሠርግ ላይ ዘነቡ መሃል ገብታ እስክስታውን ወረደችው። ቁጢጥ ብላ ትነሣለች፣ ትዘላለች፣ ሙሽሮቹን ሳይቀር አስንቃለች! ላብ በላብ ሆና ስትመለስ ጎኔ አስቀመጥኳት።

«አንቺ፣ ዳሌሽስ?»

«የቱ ዳሌ?»

«ያ... ሆስፒታል ያደረስኩሽ!»

«ማን ማንን አደረሰ?» አለችኝ ነጠላዋን እያስተካከለች። «እኔ ካልታመምኩ አንቺ ከቤትሽ ትወጪ ነበር?»

«ቅባቱንስ ምን አደረግሽው?» አልኳት።

«አህያዬን ቀባኋት። ተሻላት።»