ወንዙን ያልተሻገረው ሠራዊት

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ? እኔ እንጃ... ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሰው አልሞተበትም፤ አንድ የሮማ ሠራዊት ብቻ ተጉላልቶበታል። ግን በድፍረት አንድ ነገር ልናገር፦ ሐበሻ አባት ድምፅ የማያሰማ ልጅ እያጠና ነው ብሎ አያምንም! የእናንተ አባት ያምናል? እንኳን ደስ አላችሁ። የኔው ግን በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። ዛሬ ኦስሎ ውስጥ የቢሮ ወለል ያጸዳል፤ ስለ ጥናት ያለው እምነት ግን ንቅንቅ አላለም።

አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አምና፣ ሁለተኛ ደረጃን ስጨርስ፣ ላቲን 2 ወስጄ ነበር፤ ከፍተኛው ደረጃ ነው። መምህሯ «አንድ ተማሪ ጎደለኝ» ብላ ስላየችኝ ነው የገባሁት። እምቢ ማለት አልችልበትም። አባዬ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ መጽሐፍ ላይ አፍጥጬ አገኘኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያጠናሁ ነው፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? አመመሽ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሜ፣ እየተወዛወዝኩ፣ በዜማ ሆነ! ሕጉም ግልጽ ነው፤ የተሳሳተ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የምንኖረው ስቶቭነር የሚባል ሰፈር፣ አፓርታማ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከእኛ በታች ቱሪድ የሚባሉ ጡረተኛ ኖርዌጂያዊት አሉ። በሁለተኛው ቀን ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት መቱት... ኳ! እኔ ደንግጬ መጽሐፉን ከደንኩት። የአባዬ ፊት ግን በራ። «የኔታም እንዲህ በመቋሚያቸው ነበር መሬቱን የሚመቱት! ሴትዮዋ ትምህርት ያውቃሉ» ብሎ ድፎ ዳቦ ይዞ ሊያመሰግን ወረደ።

ሴትዮዋ ምን ያድርጉ? ዳቦውን በሉ። ደረጃው ላይ ሲያገኙኝም ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አንድ የሮማ ጦር መሪ ሠራዊቱን ወንዝ ሊያሻግር ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ መጥረጊያው መቆጣቱን ትቶ ማረም ጀመረ። በወር ውስጥ ዜማውን በቃላቸው ያዙት። ዘጠነኛው መስመር ላይ፣ ልክ ወንዙ ዳር ስደርስ፣ ኳ! ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ወደ መጀመሪያው! ሠራዊቱም ጓዙን ጠቅልሎ ይመለሳል። መምህሬን ልጠይቅ አልኩና ማስቸገር ፈራሁ። ከዘጠነኛው በታች ያለውን ቲ-ባን በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ በሹክሹክታ አጠናሁ።

«ዛሬስ ተሻገሩ?» ይሉኛል ቱሪድ፣ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ።

«ገና ናቸው።»

«ኡፍ ዳ! በዚህ ብርድ!»

ሰኔ ላይ በየትኛው ትምህርት በቃል እንደምንፈተን ዕጣ ሲወጣ ላቲን ደረሰኝ። ከወደቅኩ የማጠናቀቂያ ወረቀት የለም፤ ዩኒቨርሲቲም የለም። በፈተናው ዕለት ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ፈታኝ ከመምህሬ አጠገብ ተቀምጧል።

«ከዘጠነኛው መስመር ጀምሪ» አለኝ።

«ከመጀመሪያው ብጀምርስ?»

«አያስፈልግም።»

ምን ልበላችሁ! ዘጠነኛው መስመር ጋ ከአንደኛው ሳልነሣ ደርሼ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ወንበሬ ላይ እየተወዛወዝኩ፣ በዜማ ከአንደኛው ጀመርኩ። ወንዙ ዳር ደረስኩ... ቆምኩ። መጥረጊያውን ጠበቅኩ። ፈታኙ ትዕግሥቱ አልቆ ጠረጴዛውን በብዕሩ መታ፤ ኳ! ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። እንደገና ወንዙ... ኳ! እንደገና ተመለስኩ። በሦስተኛው መምህሬ ብዕሩን ከእጁ ቀማችው።

«ለምንድን ነው እዚህ ጋ የምትቆሚው?»

«ስለምሳሳት።»

«የታል ስሕተቱ? ልክ ነሽ እኮ!»

ለካ የተሳሳትኩት በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነበር። ቱሪድ ያን ስሕተቴን በቃላቸው ይዘው፣ ካረምኩት በኋላ፣ በማረሜ ሲያርሙኝ ከርመዋል! ብዕር በሌለበት፣ መጥረጊያ በሌለበት፣ ቀጠልኩ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ አባዬና ቱሪድ ደረጃው ላይ ይጠብቁኛል።

«ስንት?» አለ አባዬ።

«ከስድስት አምስት።»

«አንዷን ማን ወሰዳት?»

ቱሪድን ውጤቱ አላሳሰባቸውም። መጥረጊያቸውን እንደያዙ ጠጋ አሉኝ።

«ተሻገሩ?»

«ተሻገሩ።»

«ሁሉም?»

«ፈረሶቹ ሳይቀሩ።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጠረጉ። ስለ ስሕተቱ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር... መልሼ ዘጋሁት።

የሮማ ሠራዊት ወንዙን የተሻገረው ሰኔ 12፣ በሚካኤል ዕለት ነው።