አበዳሪዬ፣ የእኩል አራሼ

ሰው ስለ በሽታው እንዴት እንደሚያወራ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ስለ ዕዳው እንዴት ዝም እንደሚል ይገርማችኋል። ከማርቆስ ወደ ደጀን በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጠች፣ ስሟን እንኳ የማላውቃት ሴት፣ መኪናው ገና ሳይሞላ የኩላሊቷን ጠጠር፣ የሆዷን መነፋት፣ ሐኪሙ ያዘዘላትን ምርመራ አንድ በአንድ አጫውታኛለች። እኔም በበኩሌ የጉልበቴን ነገር ነገርኋት። ስወርድ ተሳስመን ተለያየን። ያቺን ሴት «ለመሆኑ ስንት ዕዳ አለብሽ?» ብያት ቢሆን ኖሮ ረዳቱን ጠርታ ቦታ ታስቀይር ነበር። ለሐኪም ልብሳችንን እናወልቃለን፤ ኪሳችንን ግን ለወለድነው ልጅ አናሳይም።

ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። ማማቱን ባልጠላውም ዛሬ ተራው የራሴ ነው። ላቀች እባላለሁ፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ቀበሌ፣ ባሌ ካረፈ ወዲህ አንዲት ልጄን ብቻዬን ያሳደግሁ ሴት ነኝ። አፍንጫዋ ሰማይ ነክቷል ይሉኛል። ሰማይ እንኳ አልነካም፤ ከጎረቤቶቼ አፍንጫ ትንሽ ከፍ ማለቱን ግን አልክድም። ከፍ ያለ አፍንጫ ደግሞ ወጪ አለው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ኮት እጅጌ ነው። ልጄን ለማርቆስ የቢሮ ሠራተኛ ሊጠይቁ ሽማግሎች መጡ። ያን ጊዜ ግቢያችን በእሾህ የታጠረ፣ መግቢያውም በእሾህ ቅርንጫፍ የሚዘጋ ነበር። ከሽማግሎቹ አንዱ፣ የሱቅ ሽታው ገና ያልለቀቀው ኮት የለበሰ ሰው፣ ሲገባ እሾሁ እጅጌውን ያዘው። ሰውየው ጎተተ፤ እጅጌው ተተረተረ። ጨዋ ሰው ስለነበር «ግድ የለም፣ ያረጀ ነው» አለ። ያረጀ አለመሆኑን እኔም እሱም እሾሁም እናውቃለን።

ልጄን ሰጠሁ፤ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ፤ ያ እጅጌ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ማርቆስ ወጣሁና የብረት በር አሠራሁ። አረንጓዴ ነው፤ በሁለቱም ክንፎቹ ላይ ቢጫ ቀለም የተቀባ አንበሳ ተበይዶበታል። በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ለብረቱ ከፈልሁ፣ ለመኪናው ከፈልሁ፣ ለሲሚንቶው ከፈልሁ፣ ለተከሉት ጎረምሶች ጠላ ጠመቅሁ። አጥሩን የምቀይርበት ግን አልተረፈኝም። በሩ በእሾህ አጥር መካከል ብቻውን ተገትሮ ቀረ። ጥጃዬ አንድ ቀን እንኳ በበሩ አልገባችም፤ ከጎኑ ባለው ቀዳዳ ነበር የምትሾልከው። የማርቆስ ዘመዶች ግን በበሩ ገቡ፤ ኮታቸውም በደህና ተመለሰ።

ገንዘቡ ከየት መጣ አትሉም? ከአለባቸው። አለባቸው ባሌ በሕይወት ሳለ እኛ ቤት ተቀጥሮ ያርስ የነበረ ሰው ነው። ኋላ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ እየወረደ፣ ወባው እያንቀጠቀጠው፣ ብር በብር ላይ አስቀምጦ ተመለሰ። አገባ፣ ወለደ፤ የሚያርሰው መሬት ግን የለውም። እኔ መሬት አለኝ፣ ብር የለኝም። እንግዲህ ለዚህ ዓይነቱ ነገር በአገራችን ወለድ አገድ የሚባል መላ አለ። ያበደረው ሰው መሬታችሁን ያርሳል፤ ምርቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ቤቱ ያስገባል፤ ያ ወለዱ ነው። ዋናው ብር ሳይነካ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ዋናውን እስክትመልሱ ድረስ መሬቱ የእናንተ ነው፣ ጤፉ የእሱ ነው። እኔም ትልቁን ማሳዬን ሰጠሁት፤ ለራሴ የጓሮ ድንቹና ጌሾው ቀረኝ።

«እሜቴ፣ ወረቀት ይጻፍ፤ ሁለት ሰው ምስክር ይቁም» አለኝ።

«የኔ ቃል አይበቃህም?»

«ለኔማ ይበቃኛል። ለሚስቴ ብዬ ነው።»

«ሚስትህ ማንበብ አትችል፣ ወረቀቱን ምን ልታደርግበት ነው?»

በዚያው ሁለተኛውን ግዴታ ጨመርሁበት። «ሰው ቢጠይቅህ ለእኩል ነው የማርሰው ትላለህ። ምርቱን እኩል እየተካፈልን ነው ትላለህ። ላቀች ተበደረች የሚል ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ።»

«ውሸት አይሆንብኝም?»

«ታርስ የለም እንዴ? ማረስህ እውነት ነው። የቀረውን ለኔ ተወው።»

የቀረው ለኔ የተተወው ነገር እንዴት ያለ ሥራ እንደነበረው አትጠይቁኝ። እኩል አራሽ ምርቱን የሚካፈለው አውድማ ላይ ነው፤ አላፊ አግዳሚው እያየ። ስለዚህ በየመኸሩ አውድማ ላይ እንቆምና በቁና እንሰፍር ነበር፤ ለኔ አንድ፣ ለሱ አንድ። ከዚያ «የኔ ድርሻ» በአህያ ተጭኖ፣ የብረት በሩ ሁለት ክንፍ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ በቀን በፀሐይ ይገባል። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደግሞ አለባቸው ያንኑ ጤፍ መልሶ ይጭነዋል፤ «ሊሸጥልኝ» ነዋ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጎረቤት እስኪሰማ «በርካሽ እንዳትሰጥ፣ አለባቸው» እለዋለሁ። እሱም አንገቱን ደፍቶ «እሺ፣ እሜቴ» ይላል። ሸጦ ብሩን ወደ ቤቱ።

«እንዲህ ያለ ታማኝ አራሽ ከየት አገኙ?» ይሉኛል ሴቶቹ።

«ሰው አያያዝ ነው» እላቸው ነበር።

ሰው ጎተራዬ ሙሉ መሰለው። ሙሉ ጎተራ ያላት ሴት ደግሞ እንደ ባዶዋ አትኖርም። የቤተ ክርስቲያናችን ቆርቆሮ ሊቀየር መዋጮ ሲጠየቅ ከኔ ጀመሩ። ከኔ የጀመሩት የኋለኛው ሰው የኔን እየሰማ እንዲያፍርና ከፍ እንዲያደርግ ነው። ከፍ አድርጌ ጠራሁ። ማታውን አለባቸው ዘንድ ሄድሁ፤ በዚያው መሬት ላይ ሌላ ብር ተጨመረ። ልጄም አለች። በዓል በመጣ ቁጥር «የእማዬ ጤፍ ሌላ ነው» እያለች ከማርቆስ ባዶ ማዳበሪያ ይዛ ትመጣለች። ስለዚህ በዓሉ ሲቃረብ እኔ ቀድሜ ማርቆስ እወጣለሁ፤ ከእህል ተራ ጤፍ በኪሎ እገዛለሁ፤ ከላዩ ጎመን አልብሼ በሚኒባስ አመጣለሁ፤ ልጄ ደግሞ ያንኑ ጤፍ በሚኒባስ ወደ ማርቆስ ትመልሰዋለች። የሄደበትና የመጣበት ሒሳብ ሲደመር በአገሩ ከኔ ጤፍ የተወደደ አልነበረም።

አንድ ቀን እህል ተራ ስከራከር ሙሉ የምትባል ጎረቤቴ አየችኝ። እዚያው ብትጠራኝ አንድ ነገር እፈጥርላት ነበር። አልጠራችኝም። ቀጥ ብላ አገር ቤት ተመለሰችና ለሽማግሌው ለአያ ደምሴ ነገረች። በክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አዝናልኝ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ተቀምጠን ሳለን አለባቸው ተጠራ። አያ ደምሴ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ጀመሩት።

«አንተ፣ የእሜቴ ላቀችን መሬት ለእኩል ታርሳለህ?»

«አርሳለሁ።»

«እኩሏን ትሰጣለህ?»

አለባቸው ወደ እኔ አየ። «እሜቴን ይጠይቋቸው።»

«እኔ የጠየቅሁት አንተን ነው። ድርሻዋን የምታገኝ ሴት ከማርቆስ በኪሎ ትሸምታለች? ሸጥሁልዎ የምትለው ብር የት ገባ?»

አለባቸው መሬት መሬቱን እያየ ዝም አለ። ያን ሁሉ ዓመት አፍህን ዝጋ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ዘጋው። ሽማግሎቹ ተመካከሩ። ከመሬቱ ይነሣ፤ እስከ ዛሬ የበላውንም እኩሌታ ለእሜቴ ይክፈል፤ እንዲህ ሊሉ ነው።

እስቲ አስቡት። ወረቀት የለም፤ እንቢ ያልሁት እኔ ነኝ። ምስክር የለም፤ እንቢ ያልሁት እኔ ነኝ። ዝም ካልሁ መሬቴ ይመለሳል፣ ዕዳዬ ይጠፋል፣ የዓመታት ጤፍ በላዩ ይመረቅልኛል፣ ስሜም እንደተከበረ ይኖራል። ከተናገርሁ ስሜ አለቀ። ቶሎ ተናገርሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ዋንጫዬን አንሥቼ ጠላውን እስከ አተላው ጠጣሁ። ቀና ስል የአለባቸው ሚስት ልጇን አዝላ ከሴቶቹ ኋላ ቆማለች። ባሏን አይደለም የምታየው፤ አፌን ነው።

«አያ ደምሴ፣ አለባቸው አራሼ አይደለም» አልሁ። «አበዳሪዬ ነው። መሬቱ በወለድ አገድ ነው የተያዘው። ያ የምታዩት በር የቆመው በሱ ብር ነው።»

ሙሉ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «አያችሁ፣ ልትሸፍንለት ነው። ልቧ እኮ እንዲህ ነው» አለች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ይህን አልጠበቅሁም። «ጎተራዬ ባዶ ነው፣ ኑና እዩ» ስል «እሱ አይደል ያራቆተው» ይላሉ። «ሲሸጥ ብሩን ይዞት የሚሄደው እሱ ነበር» ስል «ይኸው፣ ከራሷ አፍ ወጣ» ይላሉ። ባወራሁ ቁጥር እኔ ጻድቅ፣ እሱ ሌባ እየሆነ ሄደ። በዕድሜዬ የዚያን ቀን ያህል ተመስግኜ አላውቅም፤ እያንዳንዱ ምስጋና ደግሞ ያን ምስኪን ወደ ባሰ ቅጣት የሚገፋ ነበር።

ያን ጊዜ ንዴቴ መጣ። አውድማው ላይ እንዴት እንደምንሰፍር፣ በቀን አስገብቶ በገበያ ቀን እንዴት እንደሚያስወጣ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ምን ብዬ እንደምጮህ፣ ሰው «አራሼን» ሲያመሰግንልኝ እንዴት ደስ እንደሚለኝና ዞሬ ድንች ቀቅዬ እንደምበላ፣ አንዱን ሳላስቀር ዘረዘርሁት። ስናገር አያ ደምሴን ልብ አልኋቸው። በዱላቸው መሬቱን ሲቆረቁሩ የነበሩት ሰውዬ እጃቸው ቆመ። ስጨርስ «እውነቷን ነው» አሉ።

«እንዴት አወቁ?» አለች ሙሉ።

«እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ አይፈጠርም» አሉና ዱላቸውን ማየት ቀጠሉ።

ነገሩ በዚያ አለቀ። ሰኞ ዕለት ወረቀት ተጻፈ፤ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኋትን ፊደል አሰባስቤ ስሜን አኖርሁበት። ከእንግዲህ ከምርቱ እኩሌታው በገበያ ዋጋ እየታሰበ ከዕዳዬ እንዲቀነስ አለባቸው ተስማማ።

«እሜቴ፣ እንግዲህ ጤፉን ካውድማው በቀጥታ ወደ ቤቴ ልውሰደው?» አለኝ።

«ውሰደው።»

«አህዮቹ ደስ ይላቸዋል።» ይህ ሰው ቀልድ ማወቁን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ልጄ ሰምታ መጣችና አለቀሰች፤ ካለቀሰች በኋላ ጤፍ ከማርቆስ ትልክልኝ ጀመር። መዋጮ ሲጠየቅ ከኔ አይጀመርም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ይዘሉኛል። መዘለል ክብርን ይነካል፤ ግን ምን ያህል ብር እንደሚያተርፍ የተዘለለ ያውቀዋል። ለካ ስም የሚባለው ነገር እኔ እንዳሰብሁት አንዴ ተሰብሮ የሚቀር አይደለም። አንድ ሁለት ሳምንት አሙኝ፤ ከዚያ የሌላ ሰው በሬ ጠፋና ወደዚያ ዞሩ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አያ ደምሴ በዱላቸው እየተመረኮዙ ቤቴ መጡ። ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ማዳበሪያው መወደድ አወራን። ሊሄዱ ተነሥተው እንደገና ተቀመጡ።

«እሜቴ ላቀች፣ ያን ቀን ሰው ፊት ሲናገሩት» አሉ፣ በሩ በኩል የሚሰማ እንደሌለ አይተው፣ «በጣም ያማል?»

የትኛውን መሬታቸውን ማን «ለእኩል» እንደሚያርስላቸው በሐሳቤ አሰስሁ፤ ግን አልጠየቅኋቸውም። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ራሱ ካላመጣው አይጠየቅም።

«ከመናገሩ በፊት ያለው ነው የሚያመው፣ አያ ደምሴ። ሲናገሩትማ ጥርስ እንደ መነቀል ነው። ትንሽ ይደማል፤ ከዚያ በሌላኛው ወገን ያኝካሉ።»

«መልካም» አሉ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «ፋሲካ ይለፍና አስብበታለሁ።»

የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም እንግዳ አላስጨንቅም ብዬ አልጠየቅሁም።