ሾላችን እና የኮሌጁ አንቴና

ከዚህ በታች ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ነፍሴ ዛሬውኑ ትውጣ። ይህን ያህል ከማልሁ በኋላ መቼም ታምኑኛላችሁ።

ንድፍ የሚሉትን ነገር ጠባዩን አስተውላችሁታል? ወረቀት ላይ ሁሉም ታዛዥ ነው። ግድግዳው ሲጎትቱት ይመጣል፣ መብራት አይጠፋም፣ ዛፍም ብትሆን አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ናት፤ በላጲስ ትሄዳለች። የእኛ ሾላ ግን ነጥብ አይደለችም። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለው ኮሌጅ ግቢ ቆማ፣ በአንድ ጎኗ ዝናብ ሲጥል በሌላው ጎኗ ጤፍ ይወቃል። ጡረታ ከወጣን ጀምሮ እኔና መሪጌታ አላምረው ከሥሯ የምንጠፋው ለቅሶ ያለ ቀን ብቻ ነው። የሰፈሩ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀውም እዚያው ነው።

አምና ኮሌጁ ገመድ አልባ ኢንተርኔት እስከ ሐይቁ ዳር ላዳርስ አለ። ነዳፊዋ ኢንጂነር ብርቱካን መጣች፤ ጎበዝ ልጅ ናት፣ አልዋሽባትም። አንቴናውን ቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ላይ አደረገችው፤ ኃይል ከዚያው ሕንፃ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሶላር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ደሴም ወዲያው ተስማሙ። ሾላዋ ግን መሐል ገባች። ቅጠሏ ሞገዱን ይውጣል፣ ጥላዋ ሶላሩ ላይ ይወድቃል። «ትቆረጥ» አለች ብርቱካን። «ትቆረጥ» አሉ ደሴ። ሁለት የተማረ ሰው በአንድ ቃል ሲስማማ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የፈራሁት ያኔ ነው።

አቶ ደሴ ቢሮ ሄድሁ።

«አባባ፣ ዓለም የት ደርሷል፣ እርስዎ ገና ዛፍ ሥር ነዎት» አሉኝ።

«ዓለም ሲደክመው የት ሊያርፍ ነው?» ብያቸው ወጣሁ። ወንበሬንም ከግንዷ ጋር በገመድ አሰርሁት። መጋዝ የያዘ ይምጣ።

ያን ሰሞን እግዜር ፊቱን መለሰልን። ብርቱካን ጆሮ አንድ ወሬ ገባ፤ አቶ ደሴ «ያቺ ልጅ ከእኔ ሶኬት ስልኳን እንኳ አትሰካም» ብለዋል ተባለ። ለደሴም ደረሳቸው፤ «ያ ጣሪያ እንኳን ለአንቴና ለርግብም አይሆን» ብላለች ተባለ። ሰላምታ ቆመ። እሳቸው የጣሪያውን መውጫ ቆለፉ። እሷ በእልህ ንድፏን እንደገና ሠራች፤ አንቴናው የውሃ ታንከሩ ማማ አናት ላይ፣ ሶላሩም ባትሪውም አብረው እዚያው፣ የማንንም ሶኬት ሳትለምን። ማማው ከሾላዋ ይረዝማል፤ ይህን ስናገር ያመኛል። ሞገዱ በላይዋ አልፎ ሐይቁ ዳር ደረሰ። መጋዙ ሳይመጣ ቀረ።

የተጣላ ማስታረቅ የእኛ ሥራ ነውና ሁለቱንም ሾላዋ ሥር አስቀመጥናቸው።

«እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም» አሉ ደሴ።

«እኔም አላልኩም» አለች ብርቱካን።

«ታዲያ ማን ነው ያለው?»

ሁለቱም ወደኛ ዞሩ። መሪጌታ ዳዊታቸውን ገለጡ። እኔም «በሉ፣ ይቅር ለእግዜር» አልሁ፤ ታረቁ።

መሐላዬን አልረሳሁም። ከዚህ ሁሉ የፈጠርሁት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፤ ያችኑ ወሬ። እሷንም የፈጠርኋት ለነሱ እንጂ ለእናንተ አይደለም። ነፍሴም እስካሁን አልወጣችም፤ ጥላው ተመችቷት ይሆናል።