ክቡር ሕዝቡ ፓርቲውን ሊገለብጡ ሲነሡ

እያንዳንዱ ሰፈር አንድ ሕዝብ አለው፤ ያ ሕዝብ ደግሞ አንድ ሰውዬ ነው። ታውቁታላችሁ። ወረፋ ላይ ከፊታችሁ ቆሞ "ሕዝቡ መሮታል" የሚለው እሱ ነው። ስብሰባ ላይ "አንድ አጭር ጥያቄ አለኝ" ብሎ ተነሥቶ፣ አሥራ ሰባት ጥያቄ ጠይቆ፣ መልሱንም ራሱ ሰጥቶ፣ "ሕዝቡ ይኼን ይወቅልኝ" ብሎ የሚቀመጠው እሱ ነው። ሕዝቡ ግን እዚያው አጠገቡ ሰዓቱን እያየ ነው፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማምጣት አለበት።

እናንተ የሰፈራችሁን ከሩቅ ታዩት ይሆናል። እኔ አልታደልኩም፤ የእኔው የታላቅ እህቴ ባል ነው። ዘመድ ነውና በአንቱታ ልጀምር፤ ክቡርነታቸው ቢያንስ ይኼ ይገባቸዋል።

ክቡር ሕዝቡ በሙያቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። አሥራ አራት ቁጥርን ሀያ ሁለት ዓመት ነድተዋል። ስሙን ያወጣላቸው የመሥሪያ ቤታቸው ተቆጣጣሪ ነው። አንድ ቀን ፌርማታ ባልሆነ ቦታ፣ ክሊኒኩ በር ላይ አቁመው አንዲት ነፍሰ ጡር ሲያወርዱ ደረሰባቸው። ቅጹን አወጣና "ማነው እዚህ እንዲቆም ያዘዘው?" አላቸው።

"እኔ አይደለሁም፤ ሕዝቡ ነው!"

ተቆጣጣሪው ቀልድ የማያውቅ ሰው ነበር። "ጥፋቱን የፈጸመው ሠራተኛ ስም" በሚለው ክፍት ቦታ ላይ "ሕዝቡ" ብሎ ሞላ። ከዚያ ወዲህ በመሥሪያ ቤቱ "ሕዝቡ ገባ?"፣ "ሕዝቡ ዛሬ ጉንፋን ይዞት ቀርቷል" ይባል ጀመር። እሳቸውም አልከፋቸውም። እንዲያውም ከዚያን ቀን በኋላ አረማመዳቸው ሁሉ የብዙ ሰው ሆነ።

ነገሩ የተበላሸው አሥራ አራት ቁጥር የቀረ ዕለት ነው። ፌርማታው ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፤ "ለተሻለ አገልግሎት ሲባል መስመሩ ተሰርዟል" ይላል። የተሻለው አገልግሎት በእግር መሄድ መሆኑ ነው። ሰፈራችን ደግሞ ጡረተኛ የበዛበት ነው፤ ክሊኒኩ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። የሰፈሩን ግማሽ ያዋለደችው እማማ አዋላጇ በየማክሰኞው ደም ግፊቷን የምትለካው እዚያ ነው። በመጀመሪያው ማክሰኞ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ስትለካ፣ ነርሷ ቁጥሩን አይታ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ሌላ አመጣች።

ክቡር ሕዝቡ ወደ ፓርቲው ቅርንጫፍ ሄዱ። ከተማውን የሚያስተዳድረው ፓርቲው ነው፤ እሳቸውም ከወጣትነታቸው ጀምሮ አባል ናቸው። የቅርንጫፉ ሊቀመንበር የቀድሞ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሲሆኑ፣ ወንበሩ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ሲቆጡ እንኳ የሚያባብሉ ይመስላል።

"ክቡር ሊቀመንበር፣ አሥራ አራት ቁጥር ለምን ቀረ?"

"ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው።"

"መሄድ ያለበት አውቶቡሱ ነው እንጂ ጉዳዩ አይደለም!"

ሊቀመንበሩ ፈገግ ብለው ማስታወሻ ያዙ። ክቡር ሕዝቡ ተንጠራርተው አዩት፤ ወረቀቱ ላይ የተሳለው አበባ ነው። በዚያች አበባ ሰበብ ለከተማው ምክር ቤት የፓርቲው ዕጩ ለመሆን ተነሡ። ያ ቦታ ደግሞ ሊቀመንበሩ በየምርጫው ለራሳቸው ሲያስይዙት የኖሩት ነው።

የእህቴ ሳሎን የትግሉ ጠቅላይ ጽሕፈት ቤት ሆነ። "እኛ ከላይ ወደታች አንሠራም" አሉ ክቡርነታቸው፤ "ሁሉም ነገር በሕዝቡ ይወሰናል።" ሁሉም ነገር ሲሉ ቀልድ መስሎን ነበር። የንቅናቄው ስም በድምፅ፤ የወረቀቱ ቀለም በድምፅ። መስኮቱ ይከፈት አይከፈት የሚለው አርባ ደቂቃ ፈጅቶ፣ በስድስት ድጋፍ፣ በአምስት ተቃውሞ፣ በአንድ ሳል ተወሰነ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ "ሕዝቡ ጫማውን ያውልቅ፤ ምንጣፉ ታጥቧል" ስትል ብቻ ነው ያለ ክርክር ያለፈው።

ቅስቀሳቸውን አብሬ ዞሬ አይቻለሁ። ዐምድ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሲሳይ በየቀኑ አይገኝም። አንድ ፍራሽ ሰፊ በሩን ከፍቶ ገና ሳይጨባበጡ "አይዞህ፣ እመርጥሃለሁ" አላቸው።

"ለምን?"

"ጥሩ ሰው ስለሆንክ ነዋ።"

"ተሳስተሃል! ሰው አይመረጥም፤ የሚመረጠው ሐሳብ ነው!"

ግማሽ ሰዓት አስረዱት። ሰውዬው በስተመጨረሻ መርፌውን አስቀምጦ "እሺ ገባኝ፤ አልመርጥህም" አለ። ክቡርነታቸው እጁን ጨብጠው፣ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ፣ "አሁን ገና ነፃ ሰው ሆንክ" አሉት። በዚህ አኳኋን በአንድ ሳምንት አሥራ ሁለት ደጋፊ ነፃ አወጡ።

ሆኖም ወሬው ሰፈሩን ያዘው። መታወቂያቸውን መሳቢያ ውስጥ ረስተው የኖሩ የድሮ አባላት አቧራውን እያራገፉ ወጡ። ስድሳ ምናምን ሰው! በቅርንጫፉ ዕጩ ምርጫ ላይ ሁልጊዜ የሚገኘው ዘጠኝ ነው፤ ከዘጠኙ አራቱ የሊቀመንበሩ ዘመዶች ናቸው።

ሊቀመንበሩም አስጠሯቸው፤ እንደ ልማዳቸው በለስላሳው። ክቡር ሕዝቡ ለምሳ ሲመለሱ ዝም ብለው ተቀመጡ። የሳቸው ዝምታ ያስፈራል፤ እህቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ምን አሉህ?"

"ሹመት ሰጡኝ። የትራንስፖርት ጉዳዮች አማካሪ ንዑስ ኮሚቴ ምክትል ሰብሳቢ።" ማዕረጉን ወረቀት ላይ ጽፈውት ኖሮ ከኪሳቸው አውጥተው አዩት። እውነት ለመናገር፣ ሲያዩት ፊታቸው ትንሽ በራ።

"ስንት ሰው ነው ኮሚቴው?"

"እኔና ሰብሳቢው።"

"ሰብሳቢውስ ማነው?"

ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሱ… ገና በሂደት ላይ ነው።"

እህቴ ተነሣች። ወረቀቱን ከእጃቸው ወስዳ የሚንቀጠቀጠው የጠረጴዛ እግር ሥር ወሸቀችው። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። በማግስቱ ሄደው እምቢ አሉ።

ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው ሌላ ወረቀት ተለጠፈ። "ለአባላት ምቾት ሲባል" ስብሰባው ከሰፈራችን አዳራሽ ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ተዛውሯል፤ በሩ ልክ በአራት ሰዓት ይዘጋል። ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ አንድ ብቻ ነበር። አዎ፣ አሥራ አራት ቁጥር።

"በእግር እንሄዳለን" አሉ ክቡር ሕዝቡ። ሄድንም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከሳቸው ሌላ ስድሳ አራት ሰዎች፣ ከነከዘራቸው፣ ከነዣንጥላቸው፣ እማማ አዋላጇ ከነበርጩማዋ ተነሡ። እኔ አባል አይደለሁም፤ ልጽፍበት ነበር የተከተልኩት። አዲስ ጫማዬን አድርጌ፣ ምን እንደምቀልድ በልቤ እያዘጋጀሁ።

የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ፣ ክቡርነታቸው እጃቸውን አንሥተው ሰልፉን አቆሙ። "የትኛውን መንገድ እንያዝ? ሕዝቡ ይወስን!"

"አንተ ሰውዬ ጤና የለህም?" አለች እህቴ። "ሀያ ሁለት ዓመት የነዳኸው መንገድ ነው! ምራቸውና ይሂዱ!"

"እኔ አውቅላችኋለሁ የሚል መሪ ነው እዚህ ያደረሰን!"

አሥር ደቂቃ ፈጀ፤ በሙሉ ድምፅ ቀጥታ እንዲኬድ ተወሰነ። ሌላ መንገድ አልነበረም። ድልድዩ ሥር ደግሞ የዕረፍት ሐሳብ ቀርቦ፣ ማሻሻያ ቀርቦበት፣ ማሻሻያው ወድቆ፣ ዕረፍቱ ሳይታወቅ በክርክሩ መሀል ታረፈ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ መንገዱ ሁለት ይሆናል። በቀኝ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። በግራ በስፖርት ሜዳው አጥር ዙሪያ የሚያዞር ደልዳላ መንገድ፣ ዳርና ዳሩ ዛፍ። ቆጠሩ፤ ሠላሳ ሁለት ለሠላሳ ሁለት። ደግመው ቆጠሩ፤ ያው። ሰብሳቢ ድምፅ አይሰጥም ብለው እሳቸው ከቁጥሩ ውጪ ናቸው። እህቴ ፀሐይ ላይ ቆማ ወደ ሰማይ አየች።

እኔ ከሰልፉ ተከልዬ፣ በአንድ የቆመ የጭነት መኪና ጀርባ ተደግፌ ጫማዬን አውልቄ ተረከዜን እያሸሁ ነበር። ድንገት ከፊቴ ቆሙ።

"አንተስ?"

"እኔ አባል አይደለሁም ጋሼ።"

"ለመንገድ መታወቂያ አያስፈልግም፤ እግር ካለህ ትመርጣለህ። የትኛው?"

በሕይወቴ ለምንም ነገር ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። ከዳር ቆሞ መታዘብ ነው ሥራዬ። ግን ተረከዜ ተልጧል፣ በግራ በኩል ደግሞ ዛፍ አለ። እጄን አወጣሁ።

"በአንድ ድምፅ ብልጫ፣ ግራ!" ብለው ወደ ሰልፉ ጮኹ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ አራት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ሆኗል። ክራባት ያሰረ የፓርቲው ሰው ደንቡን አሳየን፤ በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ ጭብጨባ ይሰማል። ዘጠኝ ሰው ሲያጨበጭብ በጆሮ መቁጠር እንደሚቻል ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሊቀመንበሩ በሙሉ ድምፅ ተመረጡ።

ስድሳ አራቱ ሰዎች ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ መታወቂያውን በመሐረብ ጠቅልሎ መልሶ ኪሱ ከተተው፤ እሱን ሳይ ያዘጋጀሁት ቀልድ ሁሉ ጠፋብኝ።

መጀመሪያ የተናገረችው እማማ አዋላጇ ናት። "በዳገቱ ብንመጣ እንደርስ ነበር። በአንድ ድምፅ ነው ያልከው፤ የማን ነው ያ አንድ?"

መሬት ቢከፈት እገባ ነበር። ከዚህ በኋላ ደግሞ አንቱታውን ልተወው፤ ማሾፊያ ነበር፣ ለቀጣዩ ነገር አይሆንም። የእህቴ ባል ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም።

"የእኔ ነው እማማ" አለ። "ሰብሳቢ ሆኜ ድምፅ መስጠት አልነበረብኝም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"እኔ ነኝ ያዋለድኩህ!" አለች፤ "ያኔም ዘግይተህ ነው የወጣኸው!"

ደረጃው በሙሉ በሳቅ አውካካ። እሱም አብሮ ሳቀ። ግን ለሳምንታት፣ በየሱቁና በየበሩ፣ ዳገቱን የሚያነሣበት አልጠፋም፤ ዝም ብሎ ተቀበለ።

ስለዚያ ደረጃ ጻፍኩ፤ ፎቶውም አብሮ ወጣ። በከተማው መነጋገሪያ ሆነ። በወሩ አሥራ አራት ቁጥር ተመለሰ፤ ለጠዋት ብቻ። ሪባኑን የቆረጡት ሊቀመንበሩ ናቸው፤ "ሕዝባችንን አዳምጠን" ብለው ረጅም ንግግር አደረጉ፤ መሪው ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ሞተሩን እያስጓራ ጠበቃቸው። የከሰዓቱ ጉዳይ እየታየ ነው ተብሏል። እማማ አዋላጇ ግን የክሊኒክ ቀጠሮዋን ወደ ጠዋት አዛወረች።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሁሉን ነገር አስገብቻለሁ፤ እጄን የማውጣቴን ነገር ብቻ ዘልዬዋለሁ። ባለፈው እሑድ እህቴ ቤት ሄጄ አላስችል አለኝ። ልብስ እያጠፈች ነበር።

"እትዬ፣ ያን ቀን በግራ ያስኬዳቸው የኔ ድምፅ ነው።"

ቀና አላለችም። "አውቃለሁ። ያኑ ዕለት ነግሮኛል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

"እኔማ ልነግራቸው ነበር፤ እማማ በርጩማዋን ይዛ እንድትመጣልህ። እሱ ነው የከለከለኝ። 'ተይው' አለኝ። 'አርባ ዓመት ሙሉ ዳር ቆሞ ሲስቅ የኖረ ልጅ ነው፤ ዛሬ ገና እጁን አወጣ። ካሳፈርነው ሁለተኛ አያወጣም።'"