ጋሽ ድሮ እና ከበሩ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት

ማንም ያልቀጠረው፣ ደመወዝ የማይቆረጥለት፣ ጡረታም የማይወጣ አንድ ተቆጣጣሪ የሌለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በዓለም ላይ የለም። ትምህርት ቢሮ አያውቀውም። ሰፈሩ ግን ከቢሮ ኃላፊው ይልቅ እሱን ነው የሚሰማው። አንዱ ጋ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ሌላው ጋ የታክሲ ሹፌር፣ ሌላው ጋ ደግሞ ከሥራ ተሰናብቶ የወንድሙ ቤት የሚውል አጎት። ቲቸር ከምታስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት የተመደቡት ተቆጣጣሪ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ክቡርነታቸው ጋሽ ድሮ ይባላሉ።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሱቁ ግንባር ላይ ተጽፎ ነበር፤ ቀለሙ ስለለቀቀ የሚያነበው የለም። ሱቋ እጅ ቢዘረጉባት ሁለቱን ግድግዳ የምታስነካ ጠባብ ናት። እሳቸው ከመስታወት ሣጥኑ ጀርባ ቁጭ ብለው፣ ማጉያዋን ቀኝ ዓይናቸው ላይ ቆልፈው ይውላሉ። በቀኝ ዓይናቸው ሰዓት ይሠራሉ፣ በግራው የትምህርት ቤቱን በር ይጠብቃሉ። አፋቸው ደግሞ ነፃ ነው።

“ድሮ ቀረ!” ይላሉ፣ ባትሪ ሊያስቀይር የመጣው ሰው ሳይጠይቃቸው። “ግንቡ አለ፤ ትምህርቱ ሄዷል። በእኛ ጊዜ መምህሩ ሲያስነጥስ እንኳ ማስታወሻ እንይዝ ነበር። ስምንተኛን የጨረሰ ሰው ድልድይ ይሠራ ነበር። የዛሬውን አሥራ ሁለተኛ የአውቶቡስ ቁጥር አንብብ በለው እስቲ፣ ይደነግጣል።”

ባለ ባትሪው ይስቃል። ይስቅና ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ይነግራታል። ሚስቱ ለጎረቤቷ።

ቲቸር ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። በዚያ ግቢ አሥራ ሰባት ዓመት ስላስተማረች ተማሪውም፣ ዘበኛውም፣ የተማሪ እናትም ቲቸር ነው የሚሏት። ሰፈሯ ሁለት ፌርማታ ማዶ ነው። ጠዋት ከአውቶቡስ ወርዳ ከጋሽ ድሮ ሱቅ ፊት ሳታልፍ በሩን መግባት አትችልም። ስለዚህ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ያልሰማችው የለም።

አንድ የምዝገባ ሳምንት፣ ክላሰር ያቀፈች እናት ሬጅስትራሩ በየት በኩል እንደሆነ ልትጠይቃቸው ጎንበስ አለች። ጋሽ ድሮ ማጉያዋን እንኳ ሳያወልቁ፣ “እህቴ፣ ምን በድሎሽ ነው?” አሏት።

“ማን?”

“ልጅሽ።”

ሴትዮዋ ሳቀች። ሳቋን አቆመች። ክላሰሯን እያገላበጠች ትንሽ ቆመችና በመጣችበት ተመለሰች። ቲቸር የምዝገባ ፎርም በእጇ ይዛ ከበሩ ሆና ታይ ነበር።

የልብስ ሰፊው ልጅ ከከተማው ሁሉ በልጣ ሕክምና የገባች ጊዜ ቲቸር ‘ዛሬስ ምን ይሉ ይሆን’ ብላ ሆን ብላ እርምጃዋን አዘገየች። “ሰማሁ፣ ሰማሁ” አሉ ጋሽ ድሮ። “ልጅቷ ከተፈጥሮዋ ጎበዝ ናት። ትምህርት ቤቱ ባያደናቅፋት ኖሮ የት በደረሰች!” የዚያኑ ዓመት የወደቁት ልጆች ግን ተፈጥሮ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የእነሱ ነገር ሙሉ በሙሉ የትምህርት ቤቱ ነው።

የጎመኑን ጉዳይ ደግሞ ሰፈሩ እስከ ዛሬ አይረሳውም። ላብራቶሪው ውስጥ አሲድና ቤዝ መለያ ወረቀት ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ቲቸር ቀዩን ጥቅል ጎመን ቤቷ ቀቀለችና ወይን ጠጁን ውኃ በድስት ይዛ መጣች። ያ ውኃ ሎሚ ሲነካው ሮዝ፣ ሳሙና ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል። አርባ ልጅ በአንድ ድምፅ “ውይ!” ሲል ከቢሮ ድረስ ተሰማ፤ ዳይሬክተሩ አደጋ የደረሰ መስሏቸው ሮጠው መጡ። ቲቸር ያን ቀን እየዘፈነች ነው ወደ ቤቷ የሄደችው። በማግሥቱ ዳቦ ቤት ስትገባ ግን ባለ ዳቦ ቤቷ፣ “ቲቸር፣ እውነት ነው እንዴ ልጆቹን ጎመን ስታስቀቅሏቸው ትውላላችሁ የሚባለው?” አለቻት። ድስቷን በር ላይ ያየው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

እንዲህ እንዲህ እያለ የተማሪው ቁጥር ይመናመን ጀመር። አቅም ያለው ወደ ግል ትምህርት ቤት ሄደ፤ አቅም የሌለው ደግሞ ዘመድ አስቸግሮ ሄደ። ከዕለታት አንድ ቀን ከትምህርት ቢሮ ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ መጣ። ለመጪው ዓመት በአሥራ አንደኛና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚመዘገቡት ከመቶ ሃያ ካነሱ፣ ሁለቱ ክፍሎች ሁለት አውቶቡስ ወደሚያስይዘው ትምህርት ቤት ይዛወራሉ፤ ዘጠነኛና አሥረኛ ብቻ ይቀራል። በመዝገቡ ላይ የነበረው ሰባ አራት ስም ነው።

ዳይሬክተሩ አስተማሪዎቹን በየመንደሩ አሠማሯቸው። ቲቸር ሦስት ቀን በር አንኳኳች። ያንኳኳችው በር ሁሉ ከውስጥ የጋሽ ድሮን ቃል ይመልስላታል። ባለ ዳቦ ቤቷ፣ “ግንቡ አለ፣ ትምህርቱ ግን…” አለች። የሚኒባስ ሹፌሩ ስለ አውቶቡስ ቁጥሩ ነገራት፤ እሱ ራሱ የፈጠረው ቀልድ አስመስሎ። በመጨረሻ እዚያው ሰፈር ወደምትኖረው ወደ ታላቅ እህቷ ሄደች። እህቷ አሥረኛን የጨረሰች ልጅ አለቻት።

“አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ስለ አንቺ አይደለም” አለች እህቷ፣ ዓይኗን ከምትተኩሰው ሸሚዝ ሳታነሳ። “ግን ሰው የሚለውን ትሰሚ የለ?”

“ሰው ማነው?”

“ሰው ነዋ!”

“እኮ ስም ጥሪልኝ።”

እህቷ ካውያውን አቁማ አሰበች። “ሁሉም ነው የሚለው” አለች በመጨረሻ።

ስሙ መቶ ሃያ አልሞላም፤ ቢሮው ከመፈረሙ በፊት የሰፈሩን ድምፅ ሊወስድ ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። ከቢሮ የመጣው ወጣት ኃላፊ የውኃ ጠርሙሱን ከፊቱ አስቀምጦ “ማኅበረሰቡ በትምህርት ጥራት ላይ አስተያየቱን በነፃነት ይስጥ” አለ። ማኅበረሰቡም ሰጠ። አንዱ ተነስቶ ድሮ ቀረ አለ። ሌላው ያንኑ በሌላ ዜማ አለ። እስከዚያ ጠዋት ያን ግቢ ረግጦ የማያውቅ ሰው ስለ ላብራቶሪው ዘለግ ያለ ንግግር አደረገ። ጋሽ ድሮ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከረቫታ አስረው፣ የራሳቸውን ቃል ከሰው አፍ እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ቲቸር ከኋላ፣ ከአስተማሪዎቹ መሐል ተነሣች። ልትቆጣ አልነበረም ሐሳቧ። ወረቀት ይዛለች፤ አምና ከተፈተኑት አርባ አንድ የሳይንስ ተማሪዎች ሃያ ዘጠኙ ማለፋቸውን አነበበች። ማንም አልጻፈውም። ያኔ ወረቀቱን አጠፈችና ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞረች።

“ጋሽዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ሁሉ ሰው የሚያወራው የእርስዎን ነው። እስቲ ይንገሩን፣ ከዛሬ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ በዚህ በር የገቡት መቼ ነው?”

 ጋሽ ድሮ ቀስ ብለው ተነሡ።

“ጥሩ ጥያቄ ነው” አሉ። “አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ስወጣ ነው። ዘንድሮ አርባ አንድ ዓመት ሆነኝ። ምን እንደሚሠራ አላየሁም፣ እውነትሽን ነው። አንቺ ግን በየቀኑ ታያለሽ።” ከረቫታቸውን አስተካከሉ። “ልጅሽ የት ነው የሚማረው?”

ቲቸር ይህን ነገር ከባልዋ በቀር ከማንም ጋር አታወራውም ነበር። ልጇ ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ የግል ትምህርት ቤት። ሲመዘገብ የፈረመችው እሷ ናት። ‘ለአንድ ዓመት ብቻ ነው’ ብላ ነበር ለራሷ። ለምን እንዳደረገችውም ታውቀዋለች፤ በዚያ የምዝገባ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ከጋሽ ድሮ ሱቅ ፊት ስታልፍ የምትሰማው ነገር ሆዷ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ግቢ ማን ምን እንደሚያስተምር ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ፣ በራሷ ልጅ ላይ ሲመጣ እሳቸውን አመነች።

“ሌላ ቦታ” አለች።  ተቀመጠች። አዳራሹ ውስጥ ሳቅም ተሰማ፣ ሳልም ተሰማ። እህቷ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ወጣቱ ኃላፊ ሰዓቱን ዓይቶ ወደ ድምፅ አሰጣጥ ገባ። ድምፅ የሚሰጡት ወላጆችና የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። “ክፍሎቹ ይዛወሩ የምትሉ?” እጅ እንደ ጫካ በቀለ። ሰባ ሦስት ሆነ። “አይዛወሩም የምትሉ?”

አንድ እጅ ወጣ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከከረቫታው በላይ።

ኃላፊው ፈገግ አለ። “አባት፣ ጥያቄው አልተሰማዎትም መሰለኝ። አይዛወሩም የሚሉ ነው ያልኩት።”

“ሰምቻለሁ!”

“አሁን እኮ ሁሉም ሰው የእርስዎን ሐሳብ…”

“አይረባም ነው ያልኩት!” ጋሽ ድሮ ጮኹ። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። “ይዘጋ ያልኩት መቼ ነው? ማነው የሰማኝ? የተማርኩበት ነው፤ እሰድበዋለሁ። እናንተን ምን አገባችሁ?”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ‘ጋሽ ድሮ ጀመራቸው’ ይባባላል ሰው፣ እየተጎነታተለ። በዚያ ሳቅ መሐል ቲቸር እጇን አወጣች።

“መምህራን አይቆጠሩም” አለ ኃላፊው። “ነዋሪ ነዎት?”

“አይደለሁም።”

“ወላጅ ነዎት?”

“ነኝ።”

“የዚህ ትምህርት ቤት?”

መልሱን አዳራሹ ሙሉ ቅድም ሰምቶታል። ቲቸር እጇን አወረደች። ሰባ ሦስት ለአንድ ተብሎ ተመዘገበ፤ ደብዳቤው ተፈረመ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሰባ አራቱ ልጆች ሁለት አውቶቡስ ሊሳፈሩ፣ ቲቸርም አብራቸው ልትዛወር ተወሰነ። የአንዳንዶቹ ልጆች እናቶች እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ ይዛወሩ ብለው እጃቸውን ያወጡ። ለምን እንዳወጡ ብትጠይቃቸው ‘ሁሉም ሰው ስላወጣ’ ነው የሚሏት።

ሕዝቡ እያወራ ወጣ። ቲቸር አግዳሚዎቹን ወደ ግድግዳው ልትመልስ ቀረች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጋሽ ድሮ አልተነሡም። ወደ እሳቸው ሄደች። በልቧ ያለውን ልትነግራቸው ነበር የሄደችው፤ ነገረቻቸውም።

“እርስዎ ነዎት የዘጉት። አንድ እጅ ስላወጡ ከደሙ ንጹሕ አይሆኑም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቁጭ ብለው ሰው መለሱ። በዓይኔ ነው ያየሁት። እኔንም ጭምር ነው የመለሱኝ፤ የገዛ ልጄን ይዤ እንድሸሽ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት።”

ይከራከሩኛል ብላ ነበር። ጋሽ ድሮ ከረቫታቸውን ፈቱ። ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

“እኔ እኮ…” አሉ። “ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። ስወጣ ስገባ ‘ድሮ መጣ’ ይሉኛል፣ ሕፃናቱም ጭምር። ለሳቅ የሚመጡ ነበር የሚመስለኝ።” ቀና ብለው አዩዋት። “የሚሰማኝ ሰው አለ ብዬ መቼ አስቤ አውቃለሁ? ሚስቴ እንኳ ሰምታኝ አታውቅም።”

 የቲቸር ቁጣ አለ፤ የትም አልሄደም። ግን ከእሳቸው ላይ አልቀመጥ አላት። ሰባ ሦስቱ ሰዎች ይህን ጊዜ ገበያ ደርሰዋል፤ የምሳ ነገር እያሰቡ ነው። ለዚህ ትምህርት ቤት አንጀቱ ያረረ ሰው ቢፈለግ፣ በዚያ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተረፉት እሷና እኚህ ሰውዬ ብቻ ናቸው። ሁለቱም ደግሞ ጥፋተኛ ናቸው።

የአግዳሚውን አንድ ጫፍ ያዘች።

“ጋሽዬ፣ በዚያ በኩል ያንሱልኝ።”

ተነሡ። ጫፉን ጨብጠው ወዘወዙት፣ ጎንበስ ብለውም እግሩን አዩት።

“ይሄ ደግሞ አግዳሚ ተብሎ… ምስማሩ እንኳ በደንብ አልገባም። የኛ ጊዜ አግዳሚ እኮ…”

“ያንሱ እንጂ፣ ጋሽዬ!”

“አነሳሁ፣ አነሳሁ” አሉ። እሷ ፊት ፊት፣ እሳቸው ከኋላ እያጉረመረሙ፣ አግዳሚውን ተሸክመው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ገና አሥራ አንድ ይቀራቸው ነበር።