ሚስተር ዴልበርት ያልወሰዱት ትምህርት የለም

በየትኛውም የሕዝብ ኮሌጅ ውስጥ፣ ሕንፃው የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። አስተማሪ እንዳይመስላችሁ። አስተማሪ ያላወቀውን «አይቼ እነግራችኋለሁ» ይላል። ዲኑም አይደለም። ይህ ሰው ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ የራሱን ትራስና የራሱን ፔርሙዝ ይዞ የሚመጣ፣ ዕድሜው ሰባን ያለፈ ተማሪ ነው። እናንተም ሳታገኙት አትቀሩም። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ከሆነ ደግሞ ጽናቱን ይስጣችሁ።

በኦሃዮዋ ትንሽ ከተማ በማርሎው ፎርክ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ሚስተር ዴልበርት ሆስቴትለር ነበሩ።

ሚስተር ዴልበርት ሠላሳ አራት ዓመት የወረዳውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነድተው ጡረታ ወጡ። በወጡ በሳምንቱ አንድ የኮሌጁን ደንብ አነበቡ፤ ስልሳ ዓመት የሞላው ነዋሪ፣ ክፍሉ ውስጥ ባዶ ወንበር ከተገኘ፣ ሳይከፍልና ሳይፈተን ተቀምጦ መስማት ይችላል። ሌላው ጡረተኛ ይህን ደንብ ሲያነብ አንድ የሥዕል ትምህርት ሰምቶ ወደ ጓሮው ይመለሳል። ሚስተር ዴልበርት ግን እንደተቀመጡ ቀሩ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ብየዳውን፣ የሕፃናት አያያዙን፣ የሂሳብ መዝገብ አያያዙን፣ የከብት ሕክምና ረዳትነቱን፣ ስፓኒሹን ሁለት ጊዜ ሰሙ። ከዚያ ወዲህ ማንም ስለማንኛውም ትምህርት አፉን ሲከፍት መልሳቸው አንድ ነው።

«ወስጄዋለሁ!»

አንዲት ልጅ ነርስነት ልትማር ተመዝግባ ኮሪደሩ ላይ መጽሐፍ አቅፋ ከቆመች አለቀላት። «እሱን ወስጄዋለሁ። መጽሐፉን መልሺው፤ ባለፈው ዓመት የታተመውን ግዢ፣ ግማሽ ዋጋ ነው፣ አጥንቱ ያው አጥንት ነው!» የከባድ መኪና አነዳድ ሊማር የመጣ ጎረምሳ መንገድ ከጠየቃቸው፣ መንገዱን ሳይሆን ማርሽ አለዋወጡን ተምሮ ይሄዳል።

ኑሯቸው ራሱ ከኮሌጁ አይወጣም ነበር። ፀጉራቸውን የሚቆርጧቸው የውበት ሙያ ተማሪዎች ናቸው፤ ስለዚህ በግራ ጆሯቸው በኩል ያለው ፀጉር ከቀኙ ሁልጊዜ አንድ ጣት ከፍ ይላል። ጥርሳቸውን የሚያጸዱላቸው የጥርስ ንጽህና ተማሪዎች ናቸው። አንድ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው ሦስት ሰዓት ተኩል ቆይተዋል፤ ያን ከሰዓት በኋላ ኮሌጁ በሙሉ ዕረፍት እንዳገኘ ይነገራል። ፒክአፓቸውን የመኪና ጥገና ተማሪዎች ይፈቱላቸዋል፤ ሲገጥሙት የሚተርፈውን ብሎን እሳቸው በቡና ጣሳ ያጠራቅማሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ የምግብ ዝግጅት ተማሪዎች በአራት ዶላር የሚሸጡትን ምሳ ይበላሉ፣ ጨው በዝቷል ይላሉ፣ ይደግማሉ።

«ለትምህርት ብዬ ለዚህ ቤት አንዲት ሳንቲም ከፍዬ አላውቅም» ይላሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ናዲን ፕራት ኮሌጅ የገባችው ይህን ሁሉ ሳታውቅ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በከተማው ሆስፒታል ምድር ቤት አንሶላ አጥፋለች። ከሲሚንቶው ወለልና ከማድረቂያዎቹ ሙቀት የተነሳ ጉልበቶቿ ደረጃ ባየች ቁጥር ያጉረመርማሉ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግን የቀዶ ጥገና መሣሪያዎች ታጥበው በእንፋሎት ጀርማቸው የሚገደልበት ክፍል አለ። ወንበር አለው። መስኮትም አለው። የክፍሉ ኃላፊ «ሰርተፊኬቱን እስከ ሰኔ ካመጣሽልኝ ቦታው ያንቺ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» ብላታለች።

ሰርተፊኬቱ ሁለት ኮርስ ነው፤ አንዱ በመኸር፣ ሁለተኛው ከገና በኋላ። ናዲን ሰው ፊት ስሟን ስትናገር እንኳ ፊቷ ይቀላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጥግ ፈልጋ ተቀመጠች። ያን ቀን የፊት ወንበራቸው እግር ተሰብሮ ኖሮ ሚስተር ዴልበርት ትራሳቸውን አጠገቧ ዘረጉ።

«ይህ ምንድን ነው?» ብላ መምህርቷ ሚስ ፕሩዊት አንድ የሚያብረቀርቅ መሣሪያ ታነሳለች።

«መቆንጠጫ! ብየዳ ወስጄዋለሁ፤ እዚያም አለ።»

«ይሄ ደም ሥር የሚያዝበት ነው ሚስተር ዴልበርት።»

«ይቆነጥጣል አይደል? ያው ነው።»

ናዲን መልሱን ታውቀዋለች። እስክትናገር ድረስ ግን እሳቸው ተናግረው ጨርሰዋል። ማታ ማታ እንዲህ እያለች ትጸልይ ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ክፉ አላስብባቸውም። ድምፃቸውን ብቻ ለአንድ ሳምንት ዝጋልኝ።»

በጥር ሁለተኛው ኮርስ በተከፈተበት ሰኞ ሚስ ፕሩዊት ፊቷ ጠቁሮ ገባች። «እስከ ረቡዕ ቀን ስድስት ሰዓት አሥር ሰው ካልተመዘገበ ትምህርቱ ይሰረዛል። ከዚያ የሚከፈተው በዓመቱ ነው።»

ሚስተር ዴልበርት ትራሳቸው ላይ ዞረው በጣታቸው ቆጠሩ። «አሥር ነን! ጀምሪ በቃ!»

«እርስዎ አይቆጠሩም» አለች ቀስ ብላ። «በነፃ የሚሰማ ሰው መዝገብ ላይ የለም።»

«እንዴት አልቆጠርም? ይሄ የተቀመጥኩበት ምንድን ነው?»

ማንም አልሳቀም። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ወጣት እናቶች ተያዩ። ናዲን የምታስበው በዓመቱ የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። የሰኔው ቀጠሮ እስከ ዓመቱ አይጠብቃትም።

በማግስቱ በልብስ ማጠቢያው የሻይ ሰዓት ላይ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ጉሮሮዋን ጠረገች። «እ… አንድ ሰው ፈልጌ ነበር፣ የሚማር።»

«ናዲን ናት የተናገረችው?» አለች አንዷ። «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

ስለ ኮርሱ ነገረቻቸው። ዋጋውን ጠየቋት። አምስት መቶ ስልሳ ስምንት ዶላር አለች።

«መቀስ ለማጠብ? የቤቴ ማንኪያ በነፃ እየጠበቀኝ ነው እኮ!»

ረቡዕ አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ናዲን ወደ መመዝገቢያው መስኮት ሄደች። ምን እንደምትል አታውቅም፤ ምናልባት እባካችሁ ትላለች። ከፊቷ ግን ሰው ነበር፣ ያውም እየተከራከረ። ከግራ ጆሮው በላይ ያለውን ፀጉር አይታ ማን እንደሆነ አወቀች።

«የመኪና ማቆሚያ አሥራ ሁለት ዶላር የምን ነው? እኔ የማቆመው ሳሩ ላይ ነው!»

«ሳሩም የኮሌጁ ነው» አለች የመስኮቷ ሠራተኛ ቶንያ።

«የጓንቱስ? ጓንት ከቤት አመጣለሁ፣ የበረዶ ጓንት አለኝ።»

«ሚስተር ዴልበርት፣ ጓንቱን ይተዉት። ይሄ እንደሌላው ጊዜ አይደለም። ለመቆጠር ከፈለጉ የሚመዘገቡት ከነፈተናው ነው።»

ሚስተር ዴልበርት እጃቸውን ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ አነሱ። የአንገታቸው ጀርባ ከታች ወደ ላይ እየቀላ ሲሄድ ናዲን ቆማ አየች።

«ከነፈተናው?»

«ከነውጤቱ።»

«ውጤቱን… ሰው ያየዋል?»

«እርስዎና ሚስ ፕሩዊት ብቻ።»

ያኔ ነው ናዲን የገባት። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ እኚህን ሰው ስለምንም ነገር የፈተናቸው የለም። ገንዘቡማ ይከፈላል። እሳቸው ግን አሁን ሊሰጡ የተጠየቁት ሌላ ነገር ነበር።

ከደረት ኪሳቸው የቼክ ደብተራቸውን አወጡ። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ተደግፈው ጻፉ። ቀድደው ሰጡና ሲዞሩ ከናዲን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ምን ታዪኛለሽ?» አሏት። «ትራሴ ያን ክፍል ለምዷል። ሌላ ቦታ አይመቸውም።»

ናዲን መንገድ ለቀቀችላቸው። የለስላሳ መሸጫው ማሽን አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ዘፍ አለች። ከሰኞ ጀምሮ ትንፋሿን ይዛ እንደነበር ያወቀችው ስትለቀው ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለስድስት ስምንት ጉዳይ ይል ነበር። ጉልበቶቿ እንኳ ዝም አሉላት። ብቻዋን ሳቀች፣ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች፣ እንደገና ሳቀች።

በየካቲት የመጀመሪያው ፈተና ታርሞ ተመለሰ። ሚስተር ዴልበርት ወረቀታቸውን አዩት፣ አራት ቦታ አጥፈው ፔርሙዛቸው ሥር ከተቱት። ያን ሳምንት በሙሉ ድምፃቸው አልተሰማም። ሚስ ፕሩዊት መሣሪያ ታነሳለች፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ናዲን የጸለየችው ጸሎት በትክክል ደረሰላት፤ ዝምታቸውን ግን አልቻለችውም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ በኮሌጁ ምሳ ቤት ሾርባዋን ይዛ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አርባ አንድ ነው ያገኘሁት» አሉ ሳትጠይቃቸው። «ማለፊያው ሰባ ነው። እኔ ላቋርጥ። ትምህርቱ ተጀምሯል፣ ከእንግዲህ አይሰርዙባችሁም።»

«አያቋርጡም» አለች ናዲን። ይህን ቃል በዚህ ድምፅ ለማንም ብላ አታውቅም። ከቦርሳዋ ካርዶቿን አወጣች። እያንዳንዱ ላይ አንድ መሣሪያ በእርሳስ ሥላለች፤ የመቀሱን ጫፍ፣ የመያዣውን ጥርስ፣ አንድ በአንድ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«መቀስ።»

«የምን መቀስ?»

«የ… የሚቆርጥ መቀስ።»

«ጫፉን ይዩት፣ ሚስተር ዴልበርት። ቀጥ ያለ ነው ጎባጣ?»

ጎንበስ ብለው አዩት። ሾርባቸው ቀዘቀዘ፤ ጨው በዝቷል ሳይሉ ቀሩ። በየማክሰኞው እስከ ግንቦት እንዲህ ሆነ።

በመጨረሻው ፈተና ናዲን ዘጠና ስድስት አገኘች። ሚስተር ዴልበርት ሰባ አንድ አገኙ። በሰኔ የመጀመሪያ ሰኞ ናዲን ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራዋ ወጥታ ኮሌጁ ምሳ ቤት ትሄዳለች። ባለፈው ሳምንት ሚስተር ዴልበርት አንዲት አዲስ ተማሪ አግኝተው ነበር። ልጅቷ የመሣሪያ ማጽዳቱን ትምህርት ለመጀመር መመዝገቧን ተናግራ ስታበቃ ሹካዋ አፏ ጋ እንኳ አልደረሰም።

«ወስጄዋለሁ!» አሉ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ የሳሳ የውጤት ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «በፈተና!»

ልጅቷ አንድ ሰው ያድናት እንደሆነ ዙሪያዋን ስታይ ዓይኗ ናዲን ላይ አረፈ። ናዲን ሾርባዋን አንስታ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«ስሚያቸው ልጄ» አለቻት። «እውነታቸውን ነው። ወስደውታል።»